ሞል ገብቶ መብላት፦ ከድሬና ከሐረር ወጥታችሁ ቶሮንቶ ለገባችሁ

ለእረፍት ድሬ መጥቻለሁ። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ወንበር ስበን ሻይ እንጠጣለን። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ቶሮንቶ ይገባል። ስለ ሥራ ወይ ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፈቲራውን እየቆረሰ፣ "አቦ፣ እዚያ ምንድን ነው የምበላው?" አለኝ።

ጥያቄው ልክ ነው። አዲስ የገባ ሰው ወጥ ቤቱን እስኪያደራጅ፣ እንጀራ የት እንደሚሸጥ እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚበላው ውጭ ነው። ውጭ ማለት ደግሞ ክረምት ላይ ሞል ማለት ነው። ይሞቃል፣ አውቶቡሱ አጠገቡ ያወርዳችኋል፣ ጃኬቱም የስልክ ሲሙም እዚያው ይገዛል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት ሞል ውስጥ እየበላሁ ነው፤ ከከፈልኩት ግማሹ ለማይረባ ምግብ ነበር። ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ምላሳችሁ እንግዳ አይደለም። ድሬ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባቡሩ ጋር ህንዱም፣ የመኑም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም መጣ። ሱቁን ከፈተ፣ ድስቱን ጣደ። ሐረርማ ከዚያ በፊት ለዘመናት የነጋዴ ከተማ ነበረች። ሳምቡሳ የምንለው ከፋርስ ተነስቶ ህንድም እኛም ጋ የደረሰ ምግብ ነው፣ ስሙ እንኳ ብዙ አልተቀየረም። ሞል ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ "ሳሞሳ" የሚል ስታዩ ዘመድ ነው ያያችሁት።

ብዙ አበሻ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስሙን ስለማያውቀው ምግቡን ይፈራል። ከዚያ በየቀኑ የተጠበሰ ዶሮና ድንች ብቻ ይበላል። እኔም ስድስት ወር ሙሉ እንደዛ አድርጌያለሁ። ጨጓራዬ ተላጠ፣ ኪሴም ተራቆተ። ቤታችሁ የበላችሁትን ሚዛን አድርጋችሁ ብትመዝኑት ግን ከማንም በላይ መፍረድ ትችላላችሁ።

ሞሉ ውስጥ ፉድ ኮርት የሚባል ቦታ አለ። መሐሉ ላይ የጋራ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ባንኮኒዎች ናቸው። አስተናጋጅ የለም። ባንኮኒው ጋ ታዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ትሪያችሁን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ስትጨርሱም ራሳችሁ ታነሳላችሁ። አንዱ ከህንዱ፣ ሌላው ከቻይናው ገዝቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ መብላት ይችላል። ይሄ ለእኛ የተመቸ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ የተለያየ እዘዙ፣ መሐል አድርጋችሁ ተካፈሉ። ሳህኑ ትልቅ ነው፣ ሦስት ሳህን ለአራት ሰው ይበቃል።

አንዳንዱ ባንኮኒ ፊት ሠራተኛው በስቴኪኒ የተወጋ ቁራጭ ዶሮ ይዞ ይጠራችኋል። ነጻ ነው፣ አትፈሩ፣ ቀምሶ መሄድም ነውር አይደለም። ሙስሊም ከሆናችሁ ግን ቁራጭም ቢሆን ሥጋ ነውና ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በስቴኪኒ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ አሁን ከመጥበሻ የወጣው ነው። ሳህናችሁ ላይ የሚጨለፍላችሁ ግን ከመብራቱ ሥር ሲጠብቅ የቆየው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትሪውን ተመልከቱ። የወጡ ፊት ቆዳ ከሠራ፣ ዳር ዳሩ ደርቆ ከጠቆረ፣ ሩዙ ጥግ ጥጉን ከደረቀ፣ ቆይቷል። ያደረ ወጥ ምን እንደሚመስል ማንም አበሻ አይጠፋውም። እኔ የምሄደው በእኛ ሰዓት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ ነው፣ በነሱ አስራ ሁለት ሊሆን ሲል። የምሳ ሰልፍ ሲጀምር ትሪው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምታገኙት የተረፈውን ነው።

አሁን ወደ ሐላሉ ልምጣ።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። ድሬ እያለሁ ይሄ ጥያቄ አስቸግሮኝ አያውቅም። ሥጋ ቤቱ ላይ ወይ ጨረቃ አለ ወይ መስቀል አለ፣ አይተህ ትገባለህ። እዚያ ግን ምልክት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ሳምንቴ ላይ በአረንጓዴ መብራት "ሐላል" የሚል የተጻፈበት ባንኮኒ አየሁ። ደስ ብሎኝ የበሬ ሥጋ በሩዝ አዘዝኩ። በልቼ ላጋምስ ስል አንድ የሶማሌ ልጅ መጥቶ ሲያዝ፣ "ዶሮውን ብቻ ስጠኝ፣ የበሬው ሐላል አይደለም አይደል?" ሲል ሰማሁት። ሹካዬን አስቀምጬ ሄድኩና ጠየቅኩ። ሻጩ ረጋ ብሎ፣ "አዎ፣ ሐላሉ ዶሮው ነው" አለኝ። የቀረውን ሳህን እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ስከተው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤቱ ውሸት አልጻፈም፣ ግን ግማሹን እውነት ነው የጻፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ነገር ሳልጠይቅ አልከፍልም።

መጀመሪያ "ኦል ሚት ሐላል?" በሏቸው። ሁሉም ሥጋ ነው ወይስ ዶሮው ብቻ ማለታችሁ ነው። አጭር እንግሊዝኛ ይበቃል፣ ማንም ሰዋስው አይቆጥርባችሁም።

ቀጥሎ ማን እንዳረጋገጠው ጠይቁ። ካናዳ ውስጥ የሐላል ወረቀት የሚሰጡት የተለያዩ የሙስሊም ድርጅቶች ናቸው። ቶሮንቶ አካባቢ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት የኤች ኤም ኤ ወረቀት ነው፣ እነሱ የሚቀበሉት በእጅ የታረደውን ነው። በማሽን የታረደ ዶሮ የሚቀበሉም አሉ። የትኛው ልባችሁን ያሳርፋል የሚለው የእናንተና የኡስታዛችሁ ነው። የታሸገ ምግብ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ከ2016 ጀምሮ በካናዳ ደንብ እሽጉ ላይ "ሐላል" ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ያረጋገጠለትን ድርጅት ስም አብሮ መጻፍ አለበት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ማንበብ ነው፤ ባንኮኒ ላይ ግን አፍ ያስፈልጋል። ወረቀቱን አውጥቶ የሚያሳያችሁ አለ፣ ሲጠየቅ የሚቆጣም አለ። እኔ የሚቆጣ ቤት አልበላም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ "ሴም ፍራየር?" ዘይቱ አንድ ነው ወይ? ሰው ሥጋውን ተጠራጥሮ የአትክልት ስፕሪንግ ሮል ይገዛል። የተጠበሰው ግን አሳማው በተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት የሚያበስል ቤት ከሆነ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ጭልፋውን ብቻ በዓይናችሁ ተከተሉ። አንድ ቀን እንደዛ ቆሜ ሳይ ሠራተኛዋ የአሳማውን ኑድል ዘረገፈች፣ መጥበሻውን በትንሽ ውኃ አለፍ አደረገችና የሚቀጥለውን የዶሮ ትዕዛዝ ጣለችበት። ምንም ሳልል ወጣሁ።

ሥጋው ሐላል ሆኖ መረቁ ሊያስቸግርም ይችላል። የጃፓኑ ቴሪያኪ በወጉ የሚሠራው ሚሪን በሚባል ከሩዝ በሚወጣ ጣፋጭ መጠጥ ነው፣ አልኮል አለው። ጣፋጩ ላይ ደግሞ ጄላቲን አለ፣ እሱም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ጥቋቁር ኳሶች ያሉበት በብል ቲ የሚባል ሻይ ታያላችሁ፣ መጀመሪያ የመጣው ከታይዋን ነው፤ ከሀገሩ እንጂ ታይዋን ከምንለው ከድሬው ገበያችን አይደለም። ኳሶቹ ከካሳቫ ስለሚሠሩ ችግር የለባቸውም። ፑዲንግ ልጨምርልህ ሲሏችሁ ነው መጠየቅ።

ስለ ጾም የማውቀው ደግሞ አብራኝ ከኖረችው ልጅ ነው። የሐረር ልጅ ናት፣ ኦርቶዶክስ። የሐላል ሥጋ ልብላ ወይስ አልብላ የሚለው መጀመሪያ በጣም ያስጨንቃት ነበር፤ የንስሐ አባቷን ደውላ ጠየቀች፣ የተባለችውን አደረገች። ብዙ ያለፋት ጾሙ ነው። "ቬጅተሪያን" የሚለውን አይታ ጾም መስሏት ገዛች። አይደለም። ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው። የህንዱ ምስር ላይ ቅቤ ይገባል፣ ፓኒር የሚሉት አይብ ነው፣ ናን የሚሉት ዳቦ ብዙ ጊዜ እርጎ አለበት። የታይላንዱ አትክልት ላይ የዓሣ ሶስ ይፈስበታል። የኮሪያው ጎመን፣ ኪምቺ፣ በጨው የተቀመጠ የባሕር ነገር ሊኖርበት ይችላል። የቻይናው ማፖ ቶፉ፣ ስሙ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ ሆኖ ሳለ የተፈጨ ሥጋ አለው። የጾም ሰው ቃሉ "ቪጋን" ነው፣ ከእንስሳ የመጣ ምንም ነገር የለበትም ማለት ነው። ይቺን አንድ ቃል ያዙ።

እሷን ያዳናት ዶሳ ነው። ከደቡብ ህንድ የመጣ ነው። ሩዝና ጥቁር የክክ ዘር አንድ ላይ ተፈጭተው ተቦክተው ያድራሉ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል። ኮምጠጥ ይላል። አዎ፣ የእርሾ ኮምጣጣነት። መጀመሪያ የቀመሰች ቀን አይኗን ጨፍና ዝም አለች። ደጉ ዶሳ ጠርዙ ጥርስ ላይ ይሰበራል፣ መሐሉ ግን ለስለስ ይላል። ያልቦካ ከሆነ ኮምጣጣነቱ ይጠፋና ጣዕሙ የዱቄት ብቻ ይሆናል፣ እሱን የጤፍ ልጅ ወዲያው ያውቀዋል። አብሮ የሚመጣው ሳምባር የሚባል የምስር መረቅ ነው። ሲጋገር ቅቤ እንዳይቀቡት ብቻ ንገሯቸው።

ቢርያኒ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሩዝ በሀኒድ የበላ የድሬ ሰው የቢርያኒ ዳኛ መሆን ይችላል፣ እውነቴን ነው። በወጉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሥጋው በእርጎና በቅመም ይዘፈዘፋል። ባስማቲ ሩዙ ለብቻው ግማሽ ያህል ይበስላል። ከዚያ ሥጋው ከሥር፣ ሩዙ ከላይ ይነጠፍና የድስቱ አፍ በሊጥ ታሽጎ በቀስታ እሳት በራሱ እንፋሎት ይበስላል፤ ዱም ይሉታል። ችኩሉ ግን ተራ ሩዝ ቢጫ ቀለም ነክሮ፣ ወጥ ከላይ አፍስሶ፣ ቢርያኒ ብሎ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ያው ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ቀለሙን እዩ። እውነተኛው ዥንጉርጉር ነው። ነጭ ፍሬ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ሥጋውን ነክቶ የከረመ ቡናማ አለ። ሁሉም እኩል ቢጫ ከሆነ በቀለም የተነከረ ነው። ቀጥሎ በሹካ ነካ አድርጉት። ፍሬው ረጅም ሆኖ፣ ሳይሰበር፣ አንዱ ካንዱ መለያየት አለበት። ተያይዞ እንደ ገንፎ ከተነሳ ሩዙ ቆይቷል ወይም ውኃ በዝቶበታል። ሥጋው ከሩዙ ሥር ተቀብሮ መገኘት አለበት፣ አጥንት ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል። ከዚያ ሳህኑን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ መሽተት አለበት፣ ልክ የዒድ ጠዋት የጎረቤት በር ሲከፈት እንደሚመጣው ሽታ። የሄል ፍሬ ሙሉውን ጥርሳችሁ ውስጥ ቢገባ አትናደዱ። ከዱቄት ሳይሆን ከቅመም እንደተሠራ ምስክሩ እሱ ነው።

ባተር ቺክን ብዙ ሰው ያዛል፣ ቀይ መረቅ ስላለው ዶሮ ወጥ መስሎት። አይደለም። ቲማቲም፣ ቅቤና ክሬም ነው፣ ሞል ውስጥ ደግሞ ስኳሩን ያበዙበታል። ልጅ ካላችሁ ለልጅ ጥሩ ነው። ለራሳችሁ ሌላ ምረጡ።

ለእኛ ምላስ የተፈጠረው፣ በኔ ፍርድ፣ የሃካ ምግብ ነው። ሃካ የሚባሉ ቻይናዎች ድሮ ካልካታ፣ ህንድ ሄደው ሰፈሩ። እዚያ የቻይናውን አበሳሰል ከህንዱ ቅመም አዋሐዱት። ከነሱ ብዙዎቹ ኋላ ቶሮንቶ ገቡ፣ አሁን ስካርቦሮ በሚባለው በኩል በየመንገዱ አሉ፣ ሐላል የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። ቺሊ ቺክን እዘዙ። ዶሮው በሊጥ ተለብጦ ይጠበስና በአረንጓዴ ቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በአኩሪ አተር ሶስ ይገለባበጣል። ደረቅ ይሻልሃል ወይስ ከነመረቁ ብለው ይጠይቋችኋል። ደረቁ ለመፍረድ ይመቻል። ስትነክሱት ቅርፊቱ ከሶሱ ሥርም ቢሆን መንኮሽኮሽ አለበት። እንደራሰ ወረቀት ከዶሮው ላይ ተላጦ ከወረደ ጠዋት የተጠበሰ ነው።

ቃጠሎውን በተመለከተ፤ "ማይልድ፣ ሚዲየም፣ ሆት?" ይሏችኋል። በስባስና ሚጥሚጣ ላይ ያደገ ሰው ደረቱን ነፍቶ "ሆት" ይላል። ረጋ በሉ። የእኛ ቃጠሎ የደረቀ በርበሬ ነው፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቅቤውም ያለዝበዋል። የነሱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ቃሪያ ነው፣ ቶሎ ነው የሚመታው። የቻይና ሲቹዋን ክፍለ ሀገር ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ቅመም ደግሞ ከማቃጠል አልፎ ከንፈር ያደነዝዛል። መጀመሪያ ቀን ሲደነዝዛችሁ ታመምኩ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አዲስ ቤት በ"ሚዲየም" ጀምሩ።

ሌላ የማልተወው የላንጁ ኑድል ነው። ላንጁ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ያለች ከተማ ናት፣ ይሄን ኑድል ያስለመዱት የቻይና ሙስሊሞች ናቸው። ሊጡን በእጃቸው እየጎተቱ፣ እያጠፉ፣ እንደገና እየጎተቱ እንደ ክር ያደርጉታል። ፊት ለፊታችሁ ሲሠራ ማየት ራሱ ያጠግባል። እነሱ ራሳቸው የሚፈርዱበት አምስት ነገር አለ። መረቁ ጥርት ያለ፣ ፍጁሉ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ ድምብላል ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ። አምስቱን ካያችሁ ተቀመጡ። መረቁ ደፍርሶ ከመጣ ግን በዱቄት ቅመም የተሠራ ነው። ሁልበት መረቅ ጠጥቶ ያደገ የሐረር ሰው መረቅ አይሸወድም። ግን ሁሉም የኑድል ቤት ሙስሊም አይደለም፣ ሦስቱን ጥያቄ እዚህም አትተዉ።

ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ማርካም የሚባለው ጋ፣ በ1997 የተከፈተ ፓሲፊክ ሞል የሚባል የቻይና ገበያ አለ። ሱቆቹ ትንንሽ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ጫጫታው ብዙ። ታይዋን ገበያ የገባሁ መሰለኝ። ለማየትም ለመቅመስም ሂዱ።

ፓድ ታይ በሚባለው የታይላንድ የሩዝ ኑድል ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጎምዘዝ የሚያደርገው ሁመር ነው፣ አንዳንዱ ሮቃ የሚለው፣ ድሬ ጭማቂውን የምንጠጣው። ጎምዛዛው ጠፍቶ ጣፋጭ ብቻ ከሆነ ሁመሩን በኬቻፕ ተክተውታል። መልሳችሁ አትግዙት።

ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ጃሌቢ የሚሉትን ጠይቁ። ሙሸበክ ነው። ሲነከስ ቋ ብሎ ተሰብሮ ሽሮፑ ምላስ ላይ መፍሰስ አለበት። ልፍስፍስ ካለ አድሯል።

ገንዘቡን ደግሞ እንዲህ አስቡት። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፣ ኦንታርዮ ውስጥ 13 በመቶ ታክስ ይጨመርበታል። የገዛችሁት ምግብ ጠቅላላው ከ4 ዶላር ካልበለጠ ግን 5 በመቶ ብቻ ነው፣ አንድ ሳሞሳና ሻይ ስትገዙ ልዩነቱን ደረሰኙ ላይ ታያላችሁ። ካርድ ስታስገቡ ማሽኑ ጉርሻ ስንት ልጨምር ይላችኋል። ራሳችሁ ትሪ ተሸክማችሁ በሄዳችሁበት ባንኮኒ ግዴታ የለባችሁም፣ ዜሮውን ተጫኑ፣ ማንም አይቀየማችሁም። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ ያስተናገዳችሁ ጊዜ ግን ስጡ፣ እዚያ አስተናጋጁ የሚጠብቀው ነው። ደግሞ በቶሮንቶ የምግብ ቤት መግቢያ ላይ የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ወረቀት ይለጠፋል። አረንጓዴ ያለፈ ነው፣ ቢጫ የሚያስተካክለው ጉድለት ያለበት፣ ቀይ የተዘጋ። ፉድ ኮርት ውስጥ ባንኮኒው አጠገብ ፈልጉት። ቢጫ ካየሁ ሌላ ባንኮኒ አለ ብዬ አልፋለሁ።

ይሄን ስጽፍ የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ ፎቶ ላከችልኝ። ከሄደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትሪው ላይ ተጠቅልሎ ከሳህኑ ተርፎ የወጣ ዶሳ፣ ጎኑ ሳምባር በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን። "ወላሂ እንጀራ እንጀራ ይላል፣ በእጄ ነው እየበላሁ ያለሁት፣ ሰው እያየኝ ነው" ብላ ጻፈች። ለአክስቴ ልጅ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎኝ ትንሽ ካየ በኋላ፣ "ዋጋውን ጠይቂልኝ" አለ።